ዘሃራ አስተርጓሚ አትወድም ነበር

ዘሃራ ማረፏን የሰማሁት ሰንጋ ተራ፣ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ነው። የደወለልኝ ኪሩቤል ነበር። ኪሩቤል ሲደውል ሰላምታው ብቻ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስጨርሳል፤ ያን ቀን ግን ስሜን ጠርቶ ዝም አለ።

«ማን?» አልኩት።

«ዘሃራ። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ትደርሳለህ?»

አልደረስኩም። ታክሲ ጠፋ፣ ሲገኝ መንገዱ ተዘጋ። ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰዉ እጁን እያራገፈ ይበተን ነበር። ከዚያ ላንቻ፣ የአባቷ ሱቅ በነበረው ቤት ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ከዘሃራ ጋር በምን ትተዋወቁ ነበር?» አሉኝ።

«አብረን ጨዋታ እንሠራ ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ የሚል ፊት ነበር። ለለቅሶ ቤት የሚሆን መልስ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ላብራራላቸው ስል አዲስ ለቀስተኛ ገባ፣ ተነሣን፣ ቦታ ተለዋወጥን፣ እሳቸውም ወደ ሌላ ጥግ ሄዱ። ያን ዕለት ለእሳቸው ያልነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የአራት ሰው የኮምፒውተር ድርጅት ነበረች። ለሆቴሎች ድረ ገጽ፣ ለመጋዘኖች የዕቃ መቆጣጠሪያ እንሠራለን። እኔ ሥዕሉን እሥላለሁ። ኪሩቤል ኔትወርኩንም፣ ጥገናውንም፣ ቀልዱንም ይዟል። ዘሃራ ፕሮግራሙን ትጽፋለች። ባለቤቱ አቶ በለጠ ደግሞ ይስማማሉ። ዋናው ሥራቸው መስማማት ነበር፤ ደንበኛ የጠየቃቸውን ሁሉ «ይቻላል» ብለው ፈርመው ይመጡና፣ ይቻል እንደሆነ እኛን ይጠይቁናል።

ዘሃራ ከእኔና ከኪሩቤል ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ቀጭን ናት፣ አጭር፤ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይንሸራተትባታል፣ እሷም ሁልጊዜ ሥራዋን ሳታቋርጥ በአንድ እጇ ትመልሰዋለች። ጠዋት ላንቻ የአባቷን ሱቅ ከፍታ፣ ዳቦና ወተት ሸጣ ነው ቢሮ የምትመጣው። ከሥራ በኋላም ወደዚያው ትመለሳለች። «እንዴት አደርሽ?» ስንላት መልሷ አንድ ነበር።

«ደክሞኝ፣ አልሃምዱሊላህ።»

ቀልድ ይመስለን ነበር። ኪሩቤልማ ስልኩ ላይ ቁጥሯን «ደክሞኝ» ብሎ ነበር የያዘው።

ነገር ሲከፋት መነጽሯን ታወልቅና ሁለቱን ዓይኖቿን በጣቶቿ ጫን አድርጋ ትይዛለች። ያን ጊዜ ማንም አያናግራትም። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ይቆርጣል። አንድ ሥዕል ሠርቼ ሳሳያት «ይህቺ ልጅ እግሯ መሬት አልነካም። ዘላ ነው ወይስ ተሰቅላ?» ትለኛለች። አቶ በለጠ በሩ ላይ ቆመው «ሠራ?» ሲሏት፣ «ሠርቷል። ሠራ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም» ትላቸዋለች። ይህቺን አባባል ዛሬ እኔም አብረውኝ ለሚሠሩት እላታለሁ። የማን እንደሆነች ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ጨዋታውም የመጣው በአቶ በለጠ «ይቻላል» ነው። ቂርቆስ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተ ክፍል አለ። ክፍሉን የሚረዱ ሰዎች ልጆቹ የአማርኛ ቃላት እየተጫወቱ የሚለማመዱበት ነገር ፈለጉ። ከእኛ ውስጥ ጨዋታ ሠርቶ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣችው ዘሃራ ናት፤ ሰኞ ማክሰኞ። ልጆች ሆነን መሬት ላይ እያሠመርን በአንድ እግር የዘለልነው ያ ጨዋታ። ከላይ ሥዕል ይመጣል፣ ላም ወይም ጃንጥላ ወይም ቁልፍ። ከታች ባሉት ሳጥኖች ውስጥ ፊደሎች ተበትነዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ እሷን በትክክለኛው ተራ ማዘለል ነው፣ ጃ፣ ን፣ ጥ፣ ላ። ከተሳሳትክ ሳጥኑ ይናድና ትወድቃለች።

ስንጨርስ ደስ አለን። ቢሯችን ውስጥ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። አቶ በለጠ ራሳቸው ቁጭ ብለው ሞከሩና «ቁልፍ» ላይ ወደቁ። ከዚያ ሲዲውን ይዘን ትምህርት ቤት ሄድን፣ ኮምፒውተሮቹን ከፈትን፤ ዊንዶውስ የለም።

«ቫይረስ ፈጃቸው» አለችን የክፍሉ መምህርት። ሁሉም ቲቸር አስቴር ነው የሚላት፤ በአፏም በእጇም እኩል የምትናገር ሴት ናት። «በየጊዜው አንዱ ይሞትብን ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ መጣና በዊንዶውስ ፈንታ ይሄን ሊኑክስ የሚሉትን ጫነልን። ነፃ ነው አለን፤ ቫይረሱም አይደፍረውም። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን።»

ሰላም ያጣነው እኛ ነበርን። ጨዋታው የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ብትጭነው የሚለው ነገር ለማሽኑ አይገባውም፤ አይከፈትም።

በማግስቱ አቶ በለጠ ሰበሰቡን።

«ዋይን የሚባል ነገር አለ» አለ ኪሩቤል። «በነፃ ይገኛል። ጨዋታው በዊንዶውስ ቋንቋ ሲናገር፣ ዋይን መሀል ቆሞ ለሊኑክሱ ያስተረጉምለታል። ጨዋታው ሰው ቤት መግባቱን እንኳ አያውቅም። ሊኑክስ ላይ ጌም የሚጫወት ሰው አብዛኛውን እንደሱ ነው የሚጫወተው።»

«ወይም» አለች ዘሃራ፣ «ጨዋታውን ለራሱ ለሊኑክስ መሥራት ነው። ያለ አስተርጓሚ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ አቶ በለጠ።

«የኔ እስከ ሐሙስ» አለ ኪሩቤል።

«የኔ ሦስት ወር» አለች ዘሃራ።

አቶ በለጠ ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚከፍሉት ኪራይ ያለባቸው ሰው ነበሩ። «እንግዲህ ሐሙስን የመሰለ ቀን የለም» አሉ።

ስንወጣ ኪሩቤል «በቃ ዋይን ልትጠጪ ነው» አላት።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም» አለች፣ ፈገግ ሳትል። ያኔ ገና ወዳጆች ነበሩ።

ኪሩቤል ቃሉን ጠበቀ። ሐሙስ ዕለት ጨዋታው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተከፈተ። ልጅቷ አለች፣ ላሟ አለች፣ ሳጥኖቹ አሉ። ፊደሎቹ ግን የሉም፤ በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ተቀምጧል። ኪሩቤል ላብ እያጠመቀው የፊደል ፋይል ከፍላሹ ላይ ወደ እያንዳንዱ ማሽን ገለበጠ። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው እየተጠቃቀሱ ይጠብቁ ነበር። ፊደሉ መጣ። አጨበጨብን። ልጆቹም ወደየወንበራቸው ሮጡ።

ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው። የእኛም ሥራ በጥድፊያ የተሠራ ከባድ ነገር ነበር። በዚያ ላይ ማስተርጎሙ ሲጨመርበት መዘግየት መጣ። ብዙ አይደለም፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል። ቁልፉን ትነካለህ፣ ልጅቷ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ትዘላለች። ፊት ወንበር ላይ ረድኤት የምትባል ዐሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ተቀምጣለች። ለላሟ «ላ»ን ነካች። ምንም የለም። ደግማ ነካች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ዘለለችና ወደቀች። ረድኤት እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ወደቀች። ጣቷን አየችው። ከዚያ ወደ ቲቸር አስቴር ዞራ በእጇ አንድ ነገር ስትናገር ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ተንከተከቱ።

«ምን አለች?» አለች ዘሃራ።

ቲቸር አስቴር ትንሽ አመነታች። «‹ይሄም እንደኔ አይሰማም› ነው የምትለው።»

እኔና ኪሩቤልም ሳቅን። ዘሃራ መነጽሯን አወለቀች።

ቢሮ እንደተመለስን አቶ በለጠ ክፍል ገባች፤ በሩን ስላልዘጋችው ሁሉንም ሰማን።

«ጨዋታ እኮ ነው ዘሃራ» አሏት። «ርክክቡ ተፈርሟል። ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቁልፉን ሲጫኑት ጠቅ ሲል ይሰሙታል። የሚሰማ ልጅ ሥዕሉ ቢዘገይበት እንኳ ጠቅታውን ሰምቶ ‹ነክቼዋለሁ› ብሎ ይጠብቃል። እነሱ ያላቸው ዓይናቸው ነው። ልጅቷ ካልተንቀሳቀሰች ‹አልነካሁም› ይላሉ። ስህተቱ የራሳቸው ነው የሚመስላቸው።»

«እና ምን ላድርግ? ሌላ ሥራ ተቆልሎብናል። ለዚህ የምሰጥሽ ጊዜ የለኝም።»

«ጊዜ አልጠየቅኩዎትም» አለች። «ኮምፒውተሩን ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምሳ አብራን መውጣት ተወች። ስንመለስ የምሳ ዕቃዋ እንደተከደነ እናገኘዋለን። ቅዳሜም ትመጣለች። እኔንም ሳላስበው ጎተተችኝ። «እነዚህን ሥዕሎች ቀለል አድርገህ ሥራልኝ» አለችኝ፤ «የድሃ ማሽን ነው፣ አታሸክመው።» አንድ ቅዳሜ የሠራኋቸውን ይዤላት ላንቻ ሄድኩ። ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ፣ በስኳሩ ከረጢትና በሳሙናው ካርቶን መሀል ላፕቶፗን ከፍታ ትጽፋለች። ሰው መጥቶ «ሁለት ዳቦ» ሲላት በግራ እጇ ታቀብላለች። አባቷ ሐጂ ሸምሱ በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ይሄ ጨዋታ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሏት።

«አባባ፣ ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም አልኩህ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ጨዋታ አይደለም እንዴ የምትሠሩት?»

«ነው አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ስትጫወቱ እንዲህ ከደከማችሁ፣ ስትሠሩ ምን ልትሆኑ ነው?»

ዘሃራ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ያየሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው።

ከኪሩቤል ጋር የተጣሉት በዚያው ሰሞን ነው። በእውነት ለመናገር ኪሩቤልም አልተኛም ነበር። ከሁላችንም ይልቅ ትምህርት ቤቱ የሚመላለሰው እሱ ነው፤ አስተርጓሚውን እየነካካ መዘግየቱን ቀንሶታል፤ ግን ጨርሶ ማጥፋት አቃተው። አንድ ቀን ከወንበሯ ኋላ ቆመና፣ «ለማን ብለሽ ነው ግን?» አላት። «ማለቴ፣ ዓለም ሁሉ ጌሙን ለዊንዶውስ ነው የሚሠራው። ለሊኑክስ መሥራት አያዋጣም ብለው ትልልቆቹም ትተውታል። አንቺ ለአንድ ክፍል ልጆች ብለሽ ትሞቻለሽ። ዋይኑ በየጊዜው እየተሻሻለ ነው፤ ብትታገሺ በራሱ ይስተካከላል። በቃ።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

«ከባዶ አንገት ግን ይሻላል።»

ያን ጊዜ ዞረች። «ኪሩቤል፣ አንተ የምትሠራው ሥራ አይደለም። ይቅርታ መጠየቂያ ነው።»

ኪሩቤል ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ፕሪንተሩን ልጠግነው ነው፣ የምታትመው ካላት ንገራት» ይለኛል። «ሰምቻለሁ በለው» ትለኛለች። ያን ንግግሯን እንዳልወደድኩላት ነግሬያታለሁ። «እኔም አልወደድኩትም» አለችኝ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቀችውም። እንዲህ ያለ ግትርነት ነበረባት። ለልጆቹ ስታዝን አጠገቧ ያለውን ሰው ትረሳለች።

በሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቱ ድረስ እየሄደች ከልጆቹ የምልክት ቋንቋ መማርም ጀመረች። «የሚሉኝን ሁሉ በቲቸር አስቴር አፍ መስማት ሰልችቶኛል» አለች። ጣቶቿ እሺ አይሏትም። ልጆቹ የእሷን አሠራር እያስመሰሉ ሲስቁባት ታያቸዋለች፤ እንደገና ትሞክራለች፤ እንደገና ይስቃሉ። ኮምፒውተር ላይ የማታሳየው ትዕግሥት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ ጨረሰችው። ኪሩቤልም ሳይጠራ መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። ዘሃራ አዲሱን ጨዋታ ራሷ እየዞረች ጫነች። ያለ ዊንዶውስ፣ ያለ ዋይን፣ ያለ ማንም። ረድኤት ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ጣቷን በጥርጣሬ አሳረፈች። ጣቷ ሲያርፍ ልጅቷ አየር ላይ ነበረች። ረድኤት ቀና አለች፣ ዘሃራን አየቻት፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች፤ ከዚያ ማንንም አላየችም። ላም፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወድቅ ዘለለቻቸው። ልጆቹ ዙሪያዋን ከበው ትከሻዋን ይደበድቧታል። ዘሃራ በምልክት አንድ ነገር አለቻት። «ጎበዝ» ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ክፍሉ ግን በሳቅ ፈረሰ።

ከበሩ በኩል ኪሩቤል ጮክ ብሎ «ይፈጥናል» አለ። ለእኔ አልነበረም የተናገረው።

«ይፈጥናል» አለች ዘሃራም። ሰላም አወረዱ። ግን እንደ ድሮው አልሆኑም፤ የሚቀላለዱት ለክተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁላችንም ታሪክ ነው። ድርጅቷ ተዳከመችና ተዘጋች፤ አቶ በለጠ ወደ ሴራሚክ ንግድ ገቡ። ካዛንቺስ ውስጥ ያ ፎቅ በቆርቆሮ ታጠረ፣ ከዚያም ፈረሰ። እኔ ማተሚያ ቤት ተቀጠርኩ፣ ኪሩቤል የራሱን ጥገና ቤት ከፈተ፣ ዘሃራ አንድ ባንክ ገባች። ሐጂ ሸምሱ አረፉ። ሱቁን ግን አልዘጋችውም፤ ጠዋት ትከፍታለች፣ ከሥራ በኋላ ትቀመጥበታለች።

አንድ ቀን ኪሩቤል ደወለና፣ ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ፣ «ኩላሊት ነው አሉ» አለኝ። «ኩላሊቷ ከተጎዳ ቆይቷል። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ጀምራለች።» ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጨመረ፤ «ስልኬ ላይ ስሟን ቀየርኩት።»

ቲቸር አስቴር የደወለችላት በዚያው ዓመት ነው። ለክፍሉ የተሻሉ ኮምፒውተሮች ተሰጥተዋል፤ አዲስ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ነው የመጡት። የዘሃራ ጨዋታ ግን አልከፈት አለ። ተጭኗል፣ ምስሉ አለ፣ ሲነኩት ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ዘሃራ የሠራችው ጨዋታ የቆመው በዚያን ጊዜው ሊኑክስ ውስጥ በነበሩ ነገሮች ላይ ነው። በአዲሱ ውስጥ ግማሾቹ የሉም፤ ያሉትም ተለውጠዋል። ልትጠግነው ተቀመጠች። ከእጥበት በተመለሰች ማግስት፣ ትንሽ ስትበረታ፣ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፗን ትከፍታለች። አንዱን ስታቆመው ሌላው ይወድቃል። ሄጄ ሳያት እጇ ላይ መርፌ የገባበት ቦታ አብጦ፣ በግራ እጇ ብቻ ትጽፍ ነበር።

«ተይው ትንሽ» አልኳት።

«ልጆቹስ?» አለች። «አዳዲስ ልጆች ገብተዋል። ሰኞ ማክሰኞ እያሉ ይጠብቃሉ፤ ቲቸር አስቴር ነገረችኝ።»

በሳምንቱ ኪሩቤል «ጥገና ቤቴ ና» አለኝ። አዲሱን ሊኑክስ አንድ ማሽን ላይ ጭኖታል፤ በላዩም የድሮውን ጨዋታችንን፣ ያንን ለዊንዶውስ የሠራነውን፣ በዋይን ከፍቶታል። ጨዋታው ምንም አልተነካም። አስተርጓሚው ግን በእነዚያ ዓመታት በስሎ ነበር፤ የድሮውን የዊንዶውስ ቋንቋ አልረሳም፣ ማሽኑም ፈጣን ነው። ቁልፉን ነካሁት። ልጅቷ ወዲያው ዘለለች።

«ንገራት» አለኝ ኪሩቤል።

«አንተ ንገራት።»

«እኔማ እንዴት ብዬ? ሥራዬን ይቅርታ መጠየቂያ ያለችው ሰው ናት። ያሸነፍኳት ይመስላታል፤ አቦ፣ በዚህ ጤናዋ…»

አብረን ሄድን። ዘሃራ ባንኮኒው ኋላ ነበረች፤ ፊቷ አብጧል፤ ሻሿ ተንሸራትቷል፤ አልመለሰችውም። ኪሩቤል መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። አንዲት ሴት መጥታ ክብሪት ጠየቀች፤ እኔ አቀበልኳት።

«ፊደሉስ?» አለች ዘሃራ በመጨረሻ።

«ይታያል።»

«መዘግየቱስ?»

«የለም ማለት ይቻላል።»

«ማለት ይቻላል አትበለኝ ኪሩቤል።»

«የለም።»

ላፕቶፗን ከደነችው። ያን ሁሉ ወር የታገለችበትን። «እንግዲያው ማክሰኞ እንሂድ» አለች። «ማክሰኞ እጥበት የለኝም።»

«ያን ጊዜ ግን ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አላት ኪሩቤል። «እውነቴን ነው። በዚያ ማሽን ላይ ከአንቺ በቀር…»

«ተወው» አለች። «ልክ መሆን ራሱ ያደክማል። ያን ቀን የተናገርኩህን ደግሞ እርሳልኝ። ሥራ ነበር የምትሠራው።»

ኪሩቤል ዘይትና ሳሙና የተደረደረበትን መደርደሪያ ሲያስተካክል ቆየ። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ማክሰኞ ሄድን። ደረጃውን ስንወጣ ሁለት ጊዜ አረፈች። ኪሩቤል ጨዋታውን እየዞረ ጫነው። ረድኤት ቁመቷ ከዘሃራ በልጦ፣ የትልልቆቹ ክፍል ገብታ ነበር፤ ዘሃራ መምጣቷን አውቃ ከክፍሏ አስፈቅዳ መጣችና ለትንንሾቹ አጨዋወቱን በእጇ ታስረዳ ጀመር። ዘሃራ ከኋላ ቆማ ታያለች። ሁሉም ይሠራል። «ኳስ» የሚለው ሲመጣ ግን «ኳ» የነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ሆነ።

«አየኸው?» አለች።

«አየሁት። ትንሽ ታገሺኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ጊዜህን ውሰድ» አለችውና ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ተደገፈች። ኪሩቤል ሥራውን ጀመረ፤ እኔ ለቲቸር አስቴር የሆነ ነገር አወራለሁ፤ ዘወር ስል ዘሃራ ተኝታለች። አንገቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሎ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ።

ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ነበርና ያን ጊዜ ግር ብለው ተመለሱ። መስማት የማይችሉ ልጆች ዝምተኛ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ የሚጠራሩትም ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ነው። የክፍሉ ወለል ጣውላ ነው፤ ቤቱ ተናወጠ። ረድኤት እጇን ዘርግታ በር ላይ አቆመቻቸው። ወደ ዘሃራ ጠቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ልጆቹም አንድ በአንድ አወለቁ። ጫማቸውን በር ላይ እየደረደሩ በካልሲና በባዶ እግር፣ ተረከዛቸውን አንስተው፣ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት ቲቸር አስቴርን።

«እነሱን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሷንም እንደዚያ የሚቀሰቅሳት መስሏቸው ነው።»

ኪሩቤል «ኳ»ን መለሰው። ልጆቹ መጫወት ጀመሩ፤ ሲያሸንፉ እንኳ እጃቸውን አየር ላይ ያርገበግባሉ እንጂ አይዘሉም። ዘሃራ አልነቃችም። ረድኤት አጠገቧ ተቀምጣ ሻሿን ወደ ፊት መለሰችላት።

ደወል ተደወለ። ከሰዓት በኋላ ለሌላ ክፍል የሚለቀቅ ክፍል ነበር፤ መውጣት ነበረብን። እዚያ ነቅተን ከነበርነው መሀል ያን ደወል መስማት የምንችለው እኔ፣ ኪሩቤልና ቲቸር አስቴር ብቻ ነን። ተያየን። ሦስታችንም እንዳልሰማን ሆነን ዝም አልን።